ከአያቶችሽ መሃል ያለው ሰውዬ

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አገራችን እንደምታውቂያት ናት፤ ቀን በግንቦት ፀሐይ ሹራብ ታስወልቅና ማታ ጋቢ ታስደርባለች። የስፌት መኪናዬ ፔዳል ይንቋቋል፣ የእኔም ጉልበት ይንቋቋል፤ እሷን እኔ ዘይት እቀባታለሁ፣ እኔን እናትሽ በቅቤ ታሸኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ደውለሽ ከት ከት ብለሽ ስትስቂ ጥሩ ሥራ ያገኘሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። "አባዬ፣ አጎቴን በስልኬ ላይ አገኘሁት! ራጅ ካፑር ነው ስሙ! ህንዳዊ ነው!" ስትዪኝ የምመልሰው አጣሁ። እናትሽ ደግሞ ስልኩን ከእጄ ቀምታ "ይህ ብቻ መሰለሽ? አባትሽ ሲሞት ለቅሶ ተቀምጦለታል" አለችሽ። ከዚያ በኋላ የሳቅሽው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "ለማታውቁት ሰው? ቋንቋውን ለማትሰሙት ሰው?" አልሽ።

አልተቀየምኩሽም። የፎቶ አልበማችንን ሳስበው አንቺም እውነት አለሽ። በግራ አያትሽ በርኖስ ደርበው ዱላቸውን ተደግፈው፣ በቀኝ ሴት አያትሽ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ መሃል ላይ ደግሞ ባርኔጣውን አጋድሞ፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶ፣ ጓዙን በበትር ጫፍ ቋጥሮ በትከሻው ያነገተ ሰውዬ። ስድስት ዓመት ሲሆንሽ "ይህ ማነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ "አጎትሽ ነው" አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ስትጸልዪ "ለአጎቴም ረጅም ሱሪ ስጠው" ትዪ ነበር። እናትሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ነገሩ ረጅም ነው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ድምፄ የሚከዳኝ ቦታ አለ። በወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ብዕሩን አስቀምጦ ውሃ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል። ቀኑም ተገጣጠመ። የህንዱ የፊልም ተዋናይ ራጅ ካፑር የሞተው ግንቦት 25 ቀን 1980 ነው፤ ዛሬ 37 ዓመት ሞላው።

ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣሁት በ14 ዓመቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባቴ ባና ሠሪ ስለነበሩ የበግ ፀጉር ሽታ ከልብሴ ሳይለቅ ነው የእናቴ ዘመድ ከሆኑት ልብስ ሰፊ ዘንድ ረዳት ሆኜ የገባሁት። ከሱቃችን ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷን ሁላችንም "እማማ" እንላቸው ነበር። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ከእኔ በዓመት ይበልጣል፣ በሳቅ ደግሞ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አባቱን አያውቅም። ማን እንደሆኑም እማማ ተናግረው አያውቁም።

በ1974 ዓ.ም. አለቃዬ ገበር፣ ቁልፍና ክር ግዛ ብለው መርካቶ ላኩኝ፤ ብቻዬን እንዳልጠፋ ያን ልጅ ጨመሩልኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን፣ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሥር ታጭቀን በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋ አድርገን 130 ኪሎ ሜትሩን ተጓዝን። ዕቃውን ገዝተን ስንጨርስ የመመለሻ አውቶቡስ አልነበረም፤ ማደር ግድ ሆነ። እሱ እጄን ይዞ ወደ ሲኒማ ራስ ጎተተኝ። "ምንድን ነው የሚታየው?" አልኩት። "አዋራ" አለኝ። እኔም ከልቤ "አዋራ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል እንዴ? መርካቶ ሞልቶ የለም?" አልኩት። ሰልፍ ላይ ያሉት ሰዎች እየዞሩ ሳቁብኝ። በህንድ ቋንቋ ቤት የለሽ፣ ተንከራታች ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ግን እስከ ዛሬ ድረስ የእኛው ትርጉም የተሻለ ይመስለኛል። አዋራም እኮ ቤት የለውም፤ ነፋስ ከወሰደው አይመለስም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1951 የተሠራ ነው፣ እኛ ስናየው 30 ዓመት አልፎታል፤ አዳራሹ ግን ትናንት እንደ ወጣ ያህል ይጮህ ነበር። አንድ ዳኛ አለ። ሽፍታ ሚስቱን ጠልፎ ይወስዳትና ይመልሳታል፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን ሲሰማ ዳኛው ልጁ የማን ነው ብሎ ይጠራጠርና ከቤት ያስወጣታል። መንገድ ላይ ትወልዳለች። ይህ ዳኛ በፍርድ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሌባ ልጅ ሌባ ነው የሚል ሰው ነው። እኛ ዘንድ "ዘር ከልጓም ይስባል" እንደሚባለው መሆኑ ነው። ሽፍታው አባቱ ወንጀለኛ ስለነበረ ብቻ በዚህ ዳኛ ተፈርዶበት ቂም ይዟል፤ ስለዚህ የዳኛውን ልጅ አሳድጎ ሌባ ያደርገዋል። ዘርህ ይኸውልህ እንደ ማለት ነው። ልጁ አድጎ አባቱን ሳያውቅ ፍርድ ቤት ፊት ይቆማል፣ የሚወዳት ሴት ጠበቃ ሆና ትከራከርለታለች።

ቋንቋውን አንድ ቃል አልሰማንም። ግን ያ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ አባትና ልጅ ችሎት ውስጥ ሲተያዩ ትንፋሹ ሲቆም ሰማሁት። እኔ አባቴን አውቃለሁ፤ ባና ሲሠሩ ምን እንደሚያንጎራጉሩ እንኳ አውቃለሁ። ለእሱ ግን ያ ፊልም ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊልሙን ዘፈን እያፏጨ ሻይ ያመላልስ ነበር፤ ስሙም በዚያው "አዋራው" ሆኖ ቀረ። እማማ ስሙን አይወዱትም። "ልጄን አዋራ አትበሉት፣ ስም ያወጣል" ይሉ ነበር።

ፊልሙ ላይ ልጁን ሆኖ የሚሠራው ራጅ ካፑር ራሱ ፊልሙን እንዳዘጋጀው የነገሩን የሂሳብ አስተማሪው ናቸው። በዚያ ዘመን ህንዳውያን አስተማሪዎች በየከተማው ነበሩ፤ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ የመጡ ናቸው። የእኛዎቹ ሱሪያቸውን እኛ ዘንድ ያሰፉ ነበር። አማርኛቸው ተሰባሪ ነበር፣ ስለ ራጅ ካፑር ሲያወሩ ግን የሚናገሩት ሁሉ ይገባን ነበር። ዳኛውን ሆኖ የሠራው የራጅ እውነተኛ አባቱ ፕሪትቪራጅ ነው፤ ራጅን በልጅነቱ ሆኖ የሠራው ታናሽ ወንድሙ ሻሺ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በችሎቱ የሚታየው ሽማግሌ ዳኛ ደግሞ አያታቸው ነው፣ አሉን። አዋራው ይህን ሲሰማ ጣቱን እየቆጠረ "አያት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም... እኔ ብሠራው ኖሮ ለዳኛው ሰው ተከራይ ነበር" አለ። ሁላችንም ሳቅን። እማማ አልሳቁም።

እኔ ግን "ዳይሬክተር" ሲሉ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ መስሎኝ ነበር፤ ገንዘብ የሚይዝና የሚቆጣ ሰው። አስተማሪው ታገሡኝና ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ጨርቅ ነኩ። "ይህን ሳትቆርጥ ልብሱ ይታይሃል?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። ከዚያ በላይ አላስረዱኝም፤ አላስፈለገም። አንድ ወሬ ደግሞ ነገሩኝ፣ እሱን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ራጅ ሥራ የጀመረው ከቀረጻ በፊት ሁለቱን የእንጨት ሰሌዳ ቀጭ የሚያደርገው ልጅ ሆኖ ነው። አንድ ቀን መልኩን ሲያሳምር ቆይቶ ሰሌዳውን ሲያጋጨው የተዋናዩን ሰው ሠራሽ ጢም ቀርቅሮ አወለቀው፤ አለቃው ኪዳር ሻርማም በጥፊ አጮለው። ይኸው አለቃ በኋላ ዋና ተዋናይ አደረገው፤ ራጅም በ23 ዓመቱ የራሱን ፊልም አዘጋጀ። እኔም ያን ሰሞን የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጬ ቆርጬ በእንጨት ሜትር ተመትቼ ነበር። ግማሽ ሌሊት አላለቀስኩም ማለት አልችልም፤ ከዚያ ወሬ በኋላ ግን ሜትሩ ያመመኝ አይመስለኝም።

ስለ ሱሪው ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚመጣው።

ፎቶው ላይ የምታዪው ልብስ "ሽሪ 420" ከሚባለው ፊልሙ ነው። "አቶ 420" እንደ ማለት ነው፤ 420 በዚያ ዘመን ማጭበርበርን ይቀጣ የነበረው የህንድ ሕግ አንቀጽ ነው። አንድ ምስኪን ሰው ከአላሃባድ ተነስቶ ሥራ ፍለጋ ቦምቤ ይመጣል፤ ደህና ልቡን ይዞ ይገባል፣ ቀስ በቀስ አጭበርባሪ ይሆናል። መንገድ ላይ እየሄደ የሚዘፍነው ዘፈን ጫማዬ የጃፓን ነው፣ ሱሪዬ የእንግሊዝ፣ ቀይ ባርኔጣዬ የሩሲያ፣ ልቤ ግን የህንድ ነው የሚል መሆኑን አስተማሪው ተርጉመውልናል። አዋራው ወዲያው የራሱን አወጣ፤ ሸሚዙ ሳልባጅ፣ ጫማው በረባሶ፣ ልቡ ግን የመንዝ ባና፣ ማንም የማይቀደው። በከተማው ያሉ ልጆች ሁሉ ይህን ሲዘፍኑ ከረሙ።

ሰዎች የዚያን ሰውዬ ሱሪ ሲያዩ የድሃ ሱሪ ነው ይላሉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አይደለም። ቢያጥርም በልክ ነው ያጠረው። ሁለቱም እግር እኩል ነው፣ ወገቡ ላይ ያለው መጨማደድ ሲራመድ እንዲያስቅ ሆኖ ነው የተተወው፣ ሲቆም ግን ሰውዬው ክብሩን አያጣም። ሁለት ጣት ቢያጥር አስቀያሚ ይሆናል፣ ሁለት ጣት ቢረዝም ማንም አያየውም። ይህን የለካ ሰው ሌላውንም ነገር ለክቶታል ማለት ነው ብዬ ያኔ ወሰንኩ፤ እስከ ዛሬም አልተሳሳትኩም። ዝናቡን ብትወስጂ፣ እሱና ተዋናይቷ ናርጊስ በአንድ ጥላ ሥር ሆነው የሚዘፍኑበት ዝናብ አለ። ያ ዝናብ ደብረ ብርሃን ላይ ቢዘንብ ሁለቱንም በሳንባ ምች ይገድላቸው ነበር፤ ፊልሙ ላይ ግን አንድ ጠብታ እንኳ ትርፍ የለውም።

ሁሉንም አወድሳለሁ ብለሽ አታስቢ። እ.ኤ.አ. በ1970 "ሜራ ናም ጆከር" የሚል ፊልም አውጥቷል፤ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ዕረፍቱ እንኳ ሁለት ነው። ስድስት ዓመት ለፍቶበት ተመልካቹ ገሸሽ አለው፤ ዕዳ ውስጥ ገባ። አሁን እንደ ትልቅ ሥራ ይቆጥሩታል ይላሉ። በቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ጨርቁ ውድ ነው፣ ግን መቀሱን የሚጨክን ሰው አልያዘውም። በሦስት ዓመቱ "ቦቢ"ን በልጁ በሪሺ ሠርቶ ከዕዳ ወጣ። የኋለኞቹ ፊልሞቹ ብዙም የእኔ አይደሉም።

አዋራው በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ግራጫ ሱሪ ይዞ መጣ። "እንደ ራጅ አድርገህ አሳጥርልኝ" አለኝ። አለቃዬ አልነበሩም። ለካሁት፣ ጠመኔ ቀባሁ፣ መቀሱንም አነሳሁ፤ ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። እናቱ ቢያዩት ይገድሉኛል ብዬ ሳይሆን፣ ልብስ ሰፊ ዛሬ ፋሽን ነው ብሎ ነገ የሚያስፈልገውን ጨርቅ አይቆርጥም። ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ በእጅ ሰፋሁትና ተኮስኩት። "ማክሰኞ ና ውሰደው" አልኩት።

ማክሰኞ አልመጣም። ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

እንግዲህ 1980 ግንቦት ደረሰ። ራጅ ካፑር ለረጅም ጊዜ በአስም ይሠቃይ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን ዴልሂ ውስጥ ዳዳሳሄብ ፋልኬ የተባለውን የአገሪቱን ትልቁን የፊልም ሽልማት ሊቀበል ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ አጠረው። ስሙ ሲጠራ ወደ መድረኩ መውጣት አልቻለም፤ ፕሬዚዳንት ቬንካታራማን ራሳቸው ከመድረክ ወርደው እመቀመጫው ድረስ ሄደው ሰጡት። ከዚያ ሆስፒታል ገባ፣ አንድ ወር ተኝቶ በ63 ዓመቱ አረፈ። አስተማሪው ሐሙስ ማታ በራዲዮ ሰምተው ዓርብ ጠዋት ሱቅ መጡ። ልብስ አላመጡም። ወንበር ላይ ተቀምጠው "ራጅ ሳሂብ ሞተ" አሉ፤ የለካኋቸውን ሱሪ ሳይሞክሩ ሄዱ።

ሐሳቡን ማን እንዳመጣው አሁን ሁላችንም እንካካዳለን። "ሣልስቱን እናውጣለት" ተባለ። እሑድ ግንቦት 28 ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሥራ አምስት የምንሆን የፊልም አፍቃሪዎች ሱቁ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ደርድረን ተቀመጥን። ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ እውነት። ፎቶውን ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ገነጠልነው፤ አዋራው መርካቶ ገዝቶ የለጠፈው ነው። ከፊቱ ጧፍ አበራን። ለቅሶ ቤት የሟች ልብስ ይወጣል አይደል? አንዱ ባርኔጣ አመጣ፣ አንዱ በትር ላይ ጓዝ ቋጠረ። አጭር ሱሪ ሲጠፋ እኔ ገብቼ ያንን ግራጫ ሱሪ አውጥቼ በመስቀያ ሰቀልኩት። ልጄ፣ አላሰብኩም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አላሰብኩም።

አስተማሪው ነጭ ለብሰው መጡ። እኛ ጥቁር አድርገናል፣ እሳቸው ነጭ፤ አገራቸው ሐዘን በነጭ ነው።

ገና ከመቀመጣችን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በዚያ ጊዜ ቀልድ አልነበረም። "ማን ነው የሞተው?" አለ። "ራጅ" አልነው። "የማን ልጅ?" "የፕሪትቪራጅ።" "የትኛው ቀበሌ?" ዝም አልን። ህንዳዊ የፊልም ሰው መሆኑን ስንነግረው ፎቶውን ጎንበስ ብሎ አየና "ተራማጅ ነበር ወይ?" ብሎ ጠየቀ። አንዱ ጓደኛችን ሳይስቅ "አዎ ጓድ፤ ከአላሃባድ እስከ ቦምቤ በእግሩ ነው የተራመደው" አለው። ነገሩ ሳይበላሽ አስተማሪው ፈጠን ብለው "በሶቭየት ኅብረት በጣም ይወዱታል፤ ሞስኮ፣ ሌኒንግራድ፣ ሁሉም ያውቀዋል" አሉ። ደግሞም እውነታቸውን ነበር፤ "አዋራ" እዚያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አይቶታል። ጥበቃው ቀበቶውን አስተካከለ፣ "እንግዲያው አታብዙት" ብሎ ራሱም ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ ልባችን ሞቀ። አንዱ ቅኔ ይሞክር የነበረ ልጅ እንደ አልቃሽ ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንዲህ አለ፦

ሰው ሞቶብኝ አይደል ዓይኔ የሚያነባው፣
ከቦምቤ ተነስቶ አዋራ ቢገባው።

"እሰይ! ድገመው!" አልን። ደገመው። ሁላችንም ተቀበልነው፣ ድምፃችንም ወጣ።

እማማ በዚያን ጊዜ ገበያ ነበሩ። ለምን ግድግዳቸውን እንደ ልባችን እንደገነጠልን አሁን ይገባሻል። ከገበያ ሲመለሱ ከመንገዱ ማዶ የሰሙት "አዋራ" የሚለውን ነው። ቀና ሲሉ ያዩት የተሰበሰበ ሰው፣ ጥቁር ልብስ፣ የበራ ጧፍ፣ በመስቀያ የተንጠለጠለ የልጃቸው ሱሪ ነው።

ዘምቢላቸው ከእጃቸው ሲወድቅ ሽንኩርቱ እስከ እግሬ ድረስ ተንከባለለ። "ለእኔ ሳትነግሩኝ?" አሉ። አልጮኹም። "መርዶዬን ለእኔ ሳትነግሩኝ ተቀመጣችሁ?"

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው በስልክ ልነግርሽ የማልችለው። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተነስተን አይደለም፣ እሱ አይደለም፣ ህንዱ ነው እያልን ምለን ተገዘትን። አላመኑንም። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ እንደሚዋሽ ማን ያጣዋል? እጃቸውን ዘርግተው ሱሪውን ያዙት። በመጨረሻ አስተማሪው ፊታቸው ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በዚያ በተሰባሪ አማርኛቸው "እናቴ፣ የኔ አገር ሰው ሞተ። የኔ ሰው። ያንቺ ልጅ አይደለም" አሏቸው። የእሳቸው ዓይን እንባ ስለነበረበት ይመስለኛል፣ ያን አመኑ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሱሪው ጭናቸው ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተነፈሰም፤ ጥበቃው እንኳ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ እማማ "እናት አለችው?" ብለው ጠየቁ። ማንን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብን። አስተማሪው "የለም። ከእሱ በፊት ሞታለች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት" አሉ።

"ታድላለች" አሉ እማማ።

ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ከተቀመጥኩ አይቀር ላልቅስለት" ብለው አለቀሱ። ልጁ ሞተ ብሎ የነገራቸው የለም፣ አለም ያላቸው የለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማልቀስ ምክንያት አልነበራቸውም። ማልቀስ ሟርት ነው ይባላሉ፤ መሳቅ ደግሞ አልቻሉም። ያን ቀን ግን ስሙ የማይያዝላቸው ህንዳዊ ሞቶላቸው እስኪበቃቸው አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን። ማንም ለማን እንደሚያለቅስ አልጠየቀም። አንቺ "ለማታውቁት ሰው?" ያልሽኝ ይህን ለቅሶ ነው፣ ልጄ።

ሲመሻሽ ሱሪውን አገላብጠው አዩና "ለምን አሳጠርክበት? ያለበት ቦታ ብርድ ነው እኮ" አሉኝ። "አልቆረጥኩትም እማማ፣ አጥፌ ነው የሰፋሁት" አልኳቸው። ጠርዙን በጣታቸው ዳስሰው ትርፉን አገኙት። "ፍታው" አሉኝ። በዚያው ሌሊት በኩራዝ ፈታሁት። ጠዋት ስወስድላቸው አልተቀበሉኝም፤ "ሲመጣ ከአንተ ይውሰድ" አሉ።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሮች በጣርማ በር በኩል በእግራቸው ሲመጡ እማማ ሻዩን አስፋልት ዳር አውጥተው በነፃ እየሰጡ አንድ በአንድ ፊታቸውን ያዩ ነበር። ሦስት ሳምንት። አልመጣም። አንቺ ልትወለጂ ሁለት ወር ሲቀርሽ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ያንን ፎቶ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ፤ የልጃቸው ፎቶ አልነበራቸውም፣ ያላቸው እሱ የለጠፈው ይህ ብቻ ነበር። "ከዘመድ ጋር አኑረው" አሉኝ። እኔም በአያቶችሽ መሃል አኖርኩት። አጎትሽ ነው ያልኩሽ ፎቶው ላይ ያለውን ሰውዬ አልነበረም፤ ግን ለስድስት ዓመት ልጅ ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳ?

የራጅ ካፑርን ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2017 እሳት እንደበላው የሰማሁት ካንቺው ወንድም ስልክ ላይ ነው። ብዙ የፊልም አልባሳት አብረው ነደዱ፤ በሁለት ዓመቱም ቦታው ለቤት ሠሪዎች ተሸጠ። ሌላው ሰው ስለ ግንቡ ሲያዝን እኔ ስለ ልብሱ አዘንኩ። ማን እንደሰፋው ስሙ እንኳ አይነገርም።

ለክረምት ስትመጪ ከአልጋችን ሥር ያለውን ሳጥን ክፈቺ። ከላይ የአባቴ ባና አለ፣ እሱን አንሺው። ሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ግራጫ ሱሪ ታገኛለሽ። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ አናፍሰዋለሁ። እንዳታጥቢው፣ እንዳትተኩሺውም፤ ጠርዙ ላይ የታጠፈበት መስመር እስከ ዛሬ አለቀቀም።

እናትሽ ሰላም ትልሻለች። ስትመጪ ጥቁር ክር ቁጥር 40 ሁለት ጥቅል አትርሺብኝ፤ እዚህ ያለው ይበጠሳል።

አባትሽ